ሦስት አሞሌ

አጎቴ አላምረው ትውልድ ሲቆጥር ውሎ፣
ሰባተኛው ጣት ላይ «አካለ ክርስቶስ» ብሎ
እጁን ይጨብጣል። ከዚያ ወዲያ የለም።
«እሱ ነው አቅኚው፤ ከሱ በፊት ጫካ፣
ከሱ በፊት ዓለም
ስም አልነበረውም።
በነጋሪት መጣ ከጎንደር ከተማ፣
ፈረሱ ዳማ፣
ጃኖ እንደለበሰ፤
ድንበሩን በጦሩ ጫፍ እየለካ፣ ከውሃው ደረሰ።»

እኔ ግን ወረቀት ካላየሁ አላምንም።
ሃያ ስምንት ዓመት፣ ባሕር ዳር ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ
የሰው ውርስ በክር ሳስር፣ የሰው ክርክር ስደረድር
አንድ ነገር ገብቶኛል፦
የሞተ ሰው ይዋሻል፣
በጽሑፍ ሲሆን ግን ይቸግረዋል።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ክረምት
«ኑዛዜው አለ» አሉኝ፣
ከደሴቱ ገዳም፣ ከወንጌሉ ህዳግ።
ሴት አትገባም።
ከታንኳ መውረጃው ድንጋይ ላይ ጥላ ዘርግቼ ቀረሁ፤
የእህቴን ልጅ ቢተውን፣ ስልኩን ቻርጅ አስደርጌ፣ ላክሁ።
ሩቅ ላይ አንድ ጉማሬ ጆሮውን አራገበ።
ፀሐይ ወደ ዘጌ ዞረች።
ተመለሰ፣ እጁ ሰም ሰም እየሸተተ፦
«እትዬ፣ አባ ጧፍ ይዘውልኝ ሦስቴ አነሣሁት፤
ግን ፊደል አይደለም፣ ጉንዳን ነው።»

ማታ በሁለት ጣት ጉንዳኑን እየለጠጥሁ፣
ቀዩን ከጥቁሩ፣ የዝንቡን ኩስ ከነጥቡ እየለየሁ፣
አንድ መስመር በአንድ ሰዓት፦

«እኔ አካለ ክርስቶስ፣ ልቤ ሳይታወክ ተናዘዝሁ።
በሬዬ ቦራው ለወለተ ሐና ይሁን።
ምድሩም የሷው ነው፤ በሷ በኩል ገባሁበት እንጂ
እኔ አላቀናሁትም።
ጌሾው ለልጆቼ እኩል፣ ለሴትም ለወንድም።
ዕዳዬ ይህ ነው፦
በሌሊት ላሻገረኝ፣ ለባለ ታንኳው ለኑርዬ፣
ሦስት አሞሌ።
‹ነገ› ብዬው ነበር።
ይህን ያልከፈለ ልጅ፣ ልጄ አይደለም።»

ነጋሪቱ የት ሄደ?
ዳማው የት ሄደ?
በሌሊት፣ በደንገል፣ እግሩን ውሃ እየነካው፣
ሒሳብ ሳይከፍል የወረደ!

ለአጎቴ ደወልሁ። አነበብሁለት።
ዝም አለ፣ ዝም አለ፤ መሥመሩ የተቆረጠ መስሎኝ
«ሃሎ» ስል፣
«ድንበሩንስ ይጠቅሳል?» አለኝ።

ሌሊቱን እንቅልፍ የለኝ።
አሞሌው በዛሬ ብር ስንት ነው? ማንስ ይተምነዋል?
ዕዳውም ወልዷል፣ እኛም ወልደናል፤
እኛን በጣት ሲቆጥሩን
ወለዱን የቆጠረ የለም።

ቅዳሜ ሄድሁ፣ ነገደ ወይጦዎቹ ደንገል ወደሚያስሩበት፣
ሦስት ኪሎ ጨው በፌስታል ይዤ፣ እያፈርሁ።
ጋሽ ይማም ገመዱን በጥርሳቸው ነክሰው
ነገሬን ሰሙኝ፤
ስጨርስ ለቀቁት።
«ኑርዬ የሚባል ብዙ ነበር ይሆናል፤
ርስት የሌለው ሰው ደብተር ምን ያደርግለታል?
ይኸ ታንኳ ዕድሜው ወራት ነው፣ ከዚያ ይበሰብሳል፣
ሌላ እናስራለን። እኛም እንዲያው ነን።»

«ጨውሽን ውሰጂው።»
ተነሣሁ። ፌስታሉን ጨበጥሁ።
«አይ፣ ቆይ፣ ተይው እዚያ።»
ከልጆቹ አንዱ ተቀብሎ ከጥላው ሥር አገባው።

«ስሙን እስኪ አሳዪኝ» አሉኝ ቆይተው።
ስልኬን ሰጠኋቸው።
ፊደል አልቆጠሩም፤ «የቱ ነው?» ሲሉ
በጥፍሬ ጫፍ አሳየኋቸው፦ ኑ፣ ር፣ ዬ፣
ሦስት ናቸው።
አንድ በአንድ ሊነኩት ጣታቸውን ዘረጉ፤
ጣታቸው እርጥብ ነበርና ገጹ ተንሸራቶ አለፈ።
«ሄደ!» አሉ ደንግጠው።

መለስሁላቸው።